አንድ ሞተር ሲጠፋ፦ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



እንደሚታወቀው በየዓመቱ የሒሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ አንድ አባል ለሁላችን የሚጠቅም ነገር እንዲናገር ልማድ አድርገነዋል። ካቻምና ስለ ውርስ፣ አምና ስለ ደም ግፊት ሰማን። ዘንድሮ ተራው የእኛ ሆነ። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብ የጨረስን ጡረተኛ ነን፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ አይሮፕላን ልናገር ብሎ ሲነሣ «ሰውየው ምን ነካው?» የሚል አይጠፋም። ያነሣሣንን ምክንያት ስትሰሙ ግን ትረዱልናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ጎረቤታችን ሠልስት ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን። ከአባሎቻችን አንዲት እኅታችን፣ ስሟን አንጠራም፣ ልጇ ዋሽንግተን ውስጥ ልትወልድ ቀኗ ተቃርቦ ነበርና ልታርሳት ቲኬት ተቆርጦላት ነበር። እኛን ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያነበቡ ሰው ነዎት፤ እንዲያው ሰማይ ላይ እንዳለ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት ምን ይሆናል?» አለችን። እኛም ፍንጃሉን ሳናስቀምጥ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳናስብ፣ «ምን ይሆናል፤ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው! ሁለቱን ሞተር ለጌጥ የሰቀሉት መሰለሽ?» አልናት። ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሁለት ሳምንት ቆይተን ቲኬቷን እንደመለሰች ሰማን። ልጅቷ በሰላም ወለደች፤ ገንፎውን ያገነፋችላት ግን የሰው እናት ናት። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን በመናገራችን አንዲት እናት ከልጇ አራስ ቤት ቀረች። ስለዚህ ጥፋታችንን ለማረም ቆርጠን ተነሣን። በሠፈራችን ያደገ፣ አይሮፕላን በመጠገን ሥራ ላይ የሚገኝ አንድ ልጃችን አለ፤ እሱን ስድስት ቅዳሜ ያህል አስቸገርነው። የመርማሪዎችን ሪፖርት እየተረጎመ አስረዳን፤ እኛም ደብተር ገዝተን እንደ ተማሪ ጻፍን። ዛሬ የምንናገረው ከዚያ ደብተር ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው። አይሮፕላንን ሰማይ ላይ ተሸክሞ የሚያቆመው ሞተሩ አይደለም፤ ክንፉ ነው። ክንፉ የሚሸከመው ደግሞ ነፋስ በላዩና በሥሩ በፍጥነት ሲያልፍ ነው። የሞተሩ ሥራ ወደ ፊት እየገፋ ፍጥነቱን መጠበቅ ነው። ሞተር ሁሉ ቢጠፋ እንኳ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንደ ጭልፊት እየተንሳፈፈ ይወርዳል እንጂ እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ትልቅ የመንገደኛ አይሮፕላን ከአሥር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሞተር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተንሳፎ ሊሄድ ይችላል። አንዱ ሞተር ብቻ ሲጠፋማ የቀረው እንዲያበርረው ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይህንን በፈተና ያላሳየ አይሮፕላን መንገደኛ እንዲጭን አይፈቀድለትም። እንግዲያው ያን ዕለት የተናገርነው ቃል ሐሰት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ችግር የለም ወይ? አለ። እሱን ደብቀን «አትፍሩ» ብንል ሁለተኛ ሐሰት ይሆንብናል። ችግሩ መውደቁ ሳይሆን መጣመሙ ነው። ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ሁለት በሬ ተጠምዶ ሲታረስ አንዱ በሬ ድንገት ቢለግም፣ ደኅናው በሬ ቀንበሩን ወደ ፊት ይጎትተውና ሞፈሩ ወደ ለገመው ወገን ይዞራል። ገበሬው ወዲያው እርፉን ካልጠመዘዘ ትልሙ ይበላሻል። አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። የቀኙ ሞተር ሲጠፋ የግራው መግፋቱን አይተውምና አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ተከትሎም የቀኙ ክንፍ ይዘቀዝቃል። አብራሪው በእግሩ ፔዳል ረግጦ፣ በጅራቱ ላይ ቆሞ የሚታየውን ረደር የሚባለውን መሪ ወደ ግራ ማዞር አለበት። ያን ጊዜ ይቃናል።

ይህም መሪ የሚሠራው ነፋስ ሲመታው ነው። ፍጥነት ሲቀንስ መሪው ጉልበት ያጣል። ከተወሰነ ፍጥነት በታች ከሆነ አብራሪው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጠውም አይሮፕላኑ አይቃናለትም። ፍጥነቱ ይበልጥ ከወረደ ደግሞ ክንፉ ራሱ መሸከሙን ይተዋል፤ ይህን ስቶል ይሉታል። ስለዚህ ሞተር ከጠፋ በኋላ የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፦ ሳይቃና መቆየትና ፍጥነት ማጣት። ይህን ከያዝን የሚከተሉትን ታሪኮች መረዳት አይቸግረንም።

የመጀመሪያው የሆነው የካቲት 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች 1985 መሆኑ ነው። እኛ የሰማዕታትን ቀን በምናስብበት ዕለት ማለት ነው። የቻይና አየር መንገድ የሚባለው የታይዋን ድርጅት ቦይንግ 747 አይሮፕላን 274 ሰዎች ይዞ ከታይፔ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር ነበር። ከፍታው 41,000 ጫማ፣ ማለት 12,500 ሜትር ያህል ነው፤ ራስ ዳሽንን ሦስት ጊዜ ሊያህል ምንም አልቀረው። አራት ሞተር ያለው ሲሆን በቀኝ ጫፍ ያለው አራተኛው ኃይሉን አጣ። ሦስቱ ደኅና ነበሩ። እንግዲህ ይህ ለአብራሪ ትልቅ መከራ የሚባል አልነበረም።

ካፒቴኑ የበረራ መሐንዲሱን ሞተሩን እንደገና እንዲያስነሣ አዘዘው። መመሪያው ግን ያ ሞተር ከ30,000 ጫማ በላይ ሆኖ እንዲነሣ አይፈቅድም ነበር። መጀመሪያ ዝቅ ማለት ያስፈልግ ነበር፤ በሦስት ሞተርም ያን ከፍታ ይዞ መቆየት አይቻልም። በዚህ መካከል አይሮፕላኑን የሚነዳው ኦቶፓይለት የሚባለው፣ በራሱ የሚያበር መሣሪያ ነበር። ይህ መሣሪያ ደግሞ ክንፎቹን እንጂ የጅራቱን መሪ አያዝም። የቀኙ ክንፍ በዘቀዘቀ ቁጥር በክንፎቹ መቆጣጠሪያ እየታገለ ቀና ለማድረግ ይሞክራል። ካፒቴኑ ፔዳሉን አልረገጠም። ዓይኑ በጠፋው ሞተርና በሚቀንሰው ፍጥነት ላይ ነበር። መሣሪያው እስከ አቅሙ ጥግ ድረስ ታገለ፤ «ደክሞኛል» ብሎ ግን መናገር አይችልም።

በመጨረሻ ካፒቴኑ ፍጥነቱ ሲወርድ አይቶ አፍንጫውን ዝቅ ሊያደርግ መሣሪያውን ሲያላቅቀው፣ ያ ሲታገል የነበረው እጅ ድንገት ለቀቀ ማለት ነው። አይሮፕላኑ ወደ ቀኝ ተገለበጠና ደመና ውስጥ ገባ። ደመና ውስጥ አድማስ አይታይም። ሰማይና ምድርን የሚያሳየው መሣሪያ የተገለበጠ ነገር ሲያሳያቸው፣ ተበላሽቷል ብለው አላመኑትም። መሣሪያው ግን እውነት ይናገር ነበር። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ ከ30,000 ጫማ በላይ ቁልቁል ወረዱ። ሰውነታቸው በአምስት እጥፍ ከበደ፤ ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ኩንታል ሆነ ማለት ነው። ከጅራቱ የተወሰነው ክፍል ተገንጥሎ ወደቀ።

11,000 ጫማ ላይ ሲደርሱ ከደመናው ወጡ፤ ካፒቴኑም አድማሱን በዓይኑ አየ። ያን ጊዜ አቃናው። 9,500 ጫማ ላይ ሲቃና ከባሕር በላይ የነበረው ከፍታ ከእንጦጦ ራስ ያነሰ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በሰላም አረፈ። ሁለት ሰዎች ክፉኛ ተጎዱ፤ የሞተ ሰው የለም። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ሲጽፉ ሞተሩን አላሉም። ካፒቴኑ በብልሽቱ ላይ ሐሳቡ ተወስዶ የበረራ መሣሪያዎቹን ባለመከታተሉና በኦቶፓይለቱ ላይ ከመጠን በላይ በመተማመኑ ነው አሉ። ሰዓቱ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ረፋድ ቢሆንም ለካፒቴኑ የአገሩ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበርና ድካሙንም መርማሪዎቹ አይተውታል።

ይህን ስንሰማ እኛ የመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ታወሰን። አንድ ቀን የጽሕፈት መኪናችን ሪባን ተጠላለፈና ግማሽ ቀን እሱን ስንፈታ ዋልን። መኪናው ተሠራ፤ ዕለቱን ወደ ፖስታ ቤት መሄድ የነበረበት የአንዲት ባልቴት የጡረታ ደብዳቤ ግን ክንዳችን ሥር ተኝቶ አመሸ። ከዚያም በዓል መጣ፣ ቅዳሜና እሑድ መጣ፤ ሴትዮዋ በዚያ ወር ገንዘብ አላገኘችም። ደብዳቤውን ያስቀረው ሪባኑ ሳይሆን የእኛ ዓይን ነው። እንግዲህ በዚያ ካፒቴን ላይ ለመፍረድ አፍ የለንም።

ሁለተኛው ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ግንቦት 17 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1979፣ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ አንድ ዲሲ 10 አይሮፕላን ሊነሣ ሲንደረደር የግራ ክንፉ ሞተር ከነመያዣው ተገንጥሎ በክንፉ ላይ ዘሎ ወደቀ። አይሮፕላኑ ያን ጊዜ ለማቆም ከሚቻልበት ፍጥነት አልፏል። አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት አንድ የውሳኔ ፍጥነት ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በታች ብልሽት ቢመጣ ያቆማሉ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሜዳው ስለማይበቃቸው መነሣት ግዴታ ነው። ተነሡም። በቀሩት ሁለት ሞተሮች መብረር ይቻል ነበር።

ነገር ግን ሞተሩ ሲገነጠል ብቻውን አልሄደም፤ የዘይት ቧንቧዎችን ቆርጦ ሄደ። በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ለመነሣትና ለማረፍ የሚዘረጉ ተንሸራታች ክፍሎች አሉ፤ ክንፉ በዝግታ ሲሄድ እንዲሸከም የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የግራው ክንፍ ተንሸራታቾች የያዛቸው ዘይት ሲፈስ ነፋሱ ገፍቶ መለሳቸው። የቀኙ እንደተዘረጋ ቀረ። አብራሪዎቹ ክንፉን ከመቀመጫቸው ማየት አይችሉም። ይህን የሚነግራቸው ማስጠንቀቂያም ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከዚያው ከተገነጠለው ሞተር ነበርና ዝም አለ። እነሱም አንድ ሞተር ሲጠፋ መጽሐፉ የሚያዘውን አደረጉ፤ ፍጥነቱን ወደ 153 ኖት ዝቅ አደረጉት። የተጎዳው የግራ ክንፍ ግን ከ159 ኖት በታች አይሸከምም ነበር። ስቶል ያደረገው እሱ ብቻ ስለሆነ አይሮፕላኑ ወደ ግራ ተገለበጠ። ከመሬት ከተነሣ በ31 ሰከንድ ወደቀ። አይሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 271 ሰዎችና ምድር ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

መነሻው ምን ነበር? ሞተሩን ለጥገና ሲያወርዱ የፋብሪካው መመሪያ መጀመሪያ ሞተሩን ለብቻ፣ ከዚያ መያዣውን ለብቻ አውርዱ ይላል። ጠጋኞቹ የሥራ ሰዓት ለመቆጠብ ሁለቱን በአንድነት በፎርክሊፍት አወረዱት። ፎርክሊፍቱ በትንሹ ሲዛነፍ መያዣው ላይ ስንጥቅ ፈጠረ። ስንጥቁ ለስምንት ሳምንት ያህል በየበረራው እየሰፋ ሄዶ ያን ቀን ተበጠሰ። ያ የሠፈራችን ልጅ ይህን ሲያነብልን ድምፁ ተለወጠ። «አባባ፣ እኔ አንድ ብሎን ሳጠብቅ ሁልጊዜ ይህንን ነው የማስበው» አለን።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። ጥር 27 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 2015፣ በታይፔ ከተማ ባለ ሁለት ሞተር አንድ ኤቲአር 72 አይሮፕላን 58 ሰዎች ይዞ ተነሣ። ወዲያው አንድ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ግንኙነት የቀኙን ሞተር ያለ ምክንያት ከሥራ አስወጣው። የግራው ደኅና ነበር። ካፒቴኑ ግን በጥድፊያ ደኅናውን የግራ ሞተር አጠፋ። ስሕተቱን ሲያውቅ ጊዜ አልቋል። አይሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ስቶል አደረገና በመንገድ ድልድይ ላይ ክንፉን መትቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። 43 ሰዎች ሞቱ፤ 15 ተረፉ። እዚህም ላይ የቀረው አንድ ሞተር ይበቃቸው ነበር።

እንግዲህ ሦስቱን ብታስተያዩ አንድም ቦታ ላይ የሞተር መጥፋት ብቻውን አይሮፕላን አልጣለም። በአንደኛው ዓይን ከዋናው ነገር ተነሣ፤ በሁለተኛው የጥገና አቋራጭ መንገድ ተገኘ፤ በሦስተኛው እጅ ከሐሳብ ቀደመ። ስለዚህም ነው ዛሬ አብራሪዎች ምድር ላይ ባለ መለማመጃ ውስጥ ተቀምጠው ሞተር እየጠፋባቸው በየጊዜው የሚፈተኑት። ትምህርቱም በአጭሩ ሲነገር፦ ከሁሉ በፊት አይሮፕላኑን አብር፤ ብልሽቱን ከዚያ በኋላ እይ። ደግሞም አንዱ ያበራል፣ ሌላው ብልሽቱን ያያል፤ አንዱ ማንሻ ከመንካቱ በፊት ሌላው አይቶ «ልክ ነው» ይላል።

ሞተር ሁሉ ጠፍቶም የዳነ አለ። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 2009፣ በኒው ዮርክ ወፎች ሁለቱንም ሞተሮች አበላሽተውበት አንድ ኤርባስ ሀድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። በአገራችንም መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሊበር የተነሣው አይሮፕላን ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ሲመለስ የሁለቱንም ኃይል አጣ። ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። ከ104ቱ ሰዎች 35 ወገኖቻችን ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን አብራሪዎቹ ፍጥነትና ቅን ይዞታውን ጠብቀው ምድር ላይ ስላደረሱት 69 ሰዎች ተርፈዋል። ሐዘኑን ስናስታውስ የተረፉትንም አንርሳ።

አሁን ወደ እኅታችን እንመለስ። እሷ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች። አንቺ እኅታችን፣ ያን ዕለት በድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት የተናገርነውን፣ ዛሬም በሰው ፊት እናነሣለን። ተሳስተን ነበር። ምንም አይደርስም ብለን አንምልልሽም፤ ያንን ማለት የሚችል ሰው የለም። ነገር ግን አንድ ሞተር ቢጠፋ አይሮፕላኑ እንደ ድንጋይ አይወርድም። ከፊት የተቀመጡት ሰዎችም ለዚያች ደቂቃ ደጋግመው የተለማመዱ ናቸው። የልጅ ልጅሽ ክርስትና አልፏል፤ ድክ ድክ ማለቱ ግን ገና ነው። ይቅርታ አድርጊልን።

ለኮሚቴውም አንድ ሐሳብ አለን። በዚያው ሠልስት ዕለት ዝናቡ ድንኳኑን ሲቀድደው ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ወንዶቹ ሁሉ ገመድ ሊይዙ ሮጡ፣ ሴቶቹ ሁሉ ምግቡን ሊያነሡ ሮጡ። ድንኳኑን አዳንን። ዞር ብለን ስናይ ግን ባሏን የቀበረችው ሴት ዝናብ እያካፋባት ብቻዋን ተቀምጣለች። ዕድሩ የተቋቋመው ለድንኳኑ ነው ወይስ ለእሷ? ስለዚህ ከእንግዲህ በሥራ ድልድሉ ላይ ድንኳን ተካይ፣ ወንበር አቅራቢና ውሃ ቀጂ እንደሚመደብ ሁሉ፣ ምንም ቢፈጠር ከሐዘንተኛው አጠገብ የማይነሣ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ እንላለን። ድንኳኑ ቢቀደድ፣ ወጡ ቢደፋ፣ መብራት ቢጠፋ እሱ አይነሣም። ይህ ሐሳብ ለውይይት ቀርቦ በድምፅ እንዲወሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።